የምኒልክ ትምህርት ቤትን ታሪክ በሁለት ገጽ ልጽፍ ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ማህሌት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ ያለን የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች በጋ ላይ እንገናኛለን። ለዕለቱ ትንሽ መጽሔት ይታተማል ተባለና የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንድጽፍ እኔ ላይ ተጣለ። ምክንያታቸው «ያንቺ አማርኛ ገና አልተበላሸም» የሚል ነው፤ እስቲ እናያለን።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ በ1900 ተከፈተ ይላል፣ ሌላው በ1901፣ ሦስተኛው ደግሞ በ1908 ዓ.ም.። ከዚያ ሁሉም ተያይዘው ወደ ታዋቂ ሰዎች ስም ይገባሉ። ስሙ ሲያልቅ ጽሑፉም ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ምን ያስተምር ነበር? ለምን ተከፈተ? በመሃል ምን ሆነ? የሚነግረኝ ጠፋ። ስኬት የሚባለውስ በምን ይለካል? እኔ የተማርኩት በፕላዝማው ዘመን፣ ትምህርት ከክፍሉ ስክሪን በሳተላይት በሚተላለፍበት ጊዜ ነው፤ እናቴ ደግሞ ዘመቻ ሲታወጅ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። የሁለታችንም ዘመን የሚገባበት ነገር ብጽፍ ደስ ይለኛል። የምታውቁ እርዱኝ።

አቤል ዘ4ኪሎ

ጃንሆይም ልጅ ኢያሱም እዚያው ነው የተማሩት። ሁለት ነጋሽ ካፈራ ትምህርት ቤት በላይ ምን ስኬት አለ? ፎቶአቸውን በትልቁ አድርጊና ገጹ ሞላልሽ 😄

ጡረተኛው መምህር

ማህሌት ልጄ፣ «ልጄ» ማለቴን አትቀየሚኝ፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ከአፌ አይወጣም።

ቀላሉ ዘመኑ ነውና በሱ እንጀምር። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በፈረንጆች 1908፣ በኦክቶበር ወር ነው። ያ በእኛ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ስለሆነ 1901 ይሆናል። ወሩን ሳያይ ዝም ብሎ ስምንት የቀነሰ ሰው 1900 ይልሻል፤ ይህ በየትም የሚያጋጥም ነው፣ ብዙም አይፈረድበትም። «1908 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈው ግን ጉድ ሠርቷል። አጤ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ሰውዬው ንጉሡን ከመቃብር አስነስቶ ትምህርት ቤት አስመርቋቸዋል ማለት ነው። መጽሔታችሁ የሚነበበው አሜሪካ ነውና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀምጪው፤ ልጆቻችሁ ግራ አይጋቡ።

አሁን ለምን ተከፈተ ወደሚለው። ከዓድዋ በኋላ አዲስ አበባ የፈረንጅ መንግሥታት መልእክተኞች መናኸሪያ ሆነች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በፈረንጆች 1902 ድሬዳዋ ደርሷል። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ስልክም ፖስታም ገብቷል። ይህ ሁሉ ጸሐፊ ይፈልጋል፣ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሁልጊዜ በባዕድ አስተርጓሚ ጆሮ መስማት እንደማያዋጣ ምኒልክ ገብቷቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰጠው ትምህርት ዋናው ቋንቋ ነው፦ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ዓረብኛ፤ ከዚያ አማርኛና ሒሳብ። ዛሬ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ብቻ ስንት መከራ እንደሚያይ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ዝርዝር ራሱ ያስደንቃል።

አስተማሪዎቹስ ከየት መጡ? ይህን ክፍል ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ቤተ ክህነት የፈረንጅ መምህር ሃይማኖቱን ይዞብን ይመጣል ብላ ሰግታለች። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም በሚሲዮን ስም ሲገባ አይታለችና ስጋቷ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ንጉሡ ታዲያ ምን አደረጉ? ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ራሳቸው ግብፃዊ ናቸው፤ መምህራኑም ከግብፅ ኮፕቶች መጡ። ሃይማኖቱ የታወቀ፣ ዘመናዊ ትምህርት የቀሰመ፣ ጳጳሱም የማይቃወሙት ሰው ተገኘ። የመጀመሪያው ርዕሰ መምህር ሐና ሳሊብ ይባላሉ። ከነዚሁ ግብፃውያን መምህራን ወደ ሐረር፣ ወደ አንኮበርና ወደ ደሴም የተላኩ አሉ። እኔ ብሆን ከሁለቱ ገጽ ግማሹን ለዚህ እሰጠው ነበር፤ እንዲህ ያለ ብልሃት በየቀኑ አይገኝም።

አቤል ለጠቀሳቸው ለሁለቱ መሳፍንት ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃቸዋል። ልጅ ኢያሱም ተፈሪ መኮንንም ገብተዋል፣ እውነት ነው። መጀመሪያ የገባው የመኳንንት ልጅ ነበርና ነጋሽ ከመሃላቸው መውጣቱ የትምህርት ቤቱ ተአምር አይደለም፤ ቤታቸው ቢቀመጡም ሥልጣኑ ይመጣላቸው ነበር። ትምህርት ቤት የሚመሰገነው ባይማር ኖሮ እዚያ በማይደርሰው ልጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሃይስኩል» ብለሽ እንዳትጽፊ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፣ በዚህ የሚከራከርሽ የለም። የዛሬው ዓይነት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግን የመጣው ከጣሊያን በኋላ ነው፤ በፈረንጆች 1943 ኮተቤ ላይ በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ምኒልክ ሃይስኩል ሆኖ አልተወለደም፣ እያደገ ነው የሆነው።

ስታቲስቲክሱ

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እናንተ የታሪክ ሰዎች ስኬትን በትዝታ ትለኩታላችሁ። የትምህርት ቤት ስኬት ቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ያለውን ተመልከቱ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በመጀመሪያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ከመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከሺህ በላይ ነበሩ። ይህ ባለበት አገር ስለ ግብፅ መምህራን ሁለት ገጽ መጻፍ ቅንጦት አይሆንም? እህታችን የቅርብ ዓመታቱን የትምህርት ቤቱን ውጤት ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠይቃ ታውጣው።

ጡረተኛው መምህር

ስታቲስቲክሱ፣ ቁጥሩን ማምጣትህ ጥሩ ነው፤ ማህሌትም ትጠይቅ። ግን ቁጥር ብቻውን ሲቆም ይዋሻል። እኔ ባስተማርኩበት ዘመን ብቻ መለኪያው ስንቴ እንደተቀየረ ልንገርህ። መጀመሪያ ማትሪክ ነበር፣ በ12ኛ። «ፎር ፖይንት መጣለት» (ሙሉ ውጤት ማለት ነው) ከተባለ ሰፈሩ ሁሉ እልል ይላል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ አገሩን የሚለየው የ10ኛ ክፍል ፈተና ሆነ፤ ያለፈው ፕሪፓራቶሪ ይገባል፣ የቀረው ቴክኒክና ሙያ ወይም ቤት። ከዚያ የ10ኛው ቀረና እንደገና ሁሉ ነገር 12ኛ ላይ ተጫነ፤ ቀጥሎ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደና ኩረጃው ሲከለከል ያው ያልከው ቁጥር ወጣ። ልጁ በአንድ ሌሊት አልደነቆረም፤ የቀድሞው ውጤት ውስጥ የተቀበረ ነገር ነበር። ስለዚህ የ1995ቱን ከ2015ቱ ጋር ያወዳደረ ሰው ሙቀትን በኪሎ የመዘነ ነው።

የፕላዝማውን ነገር ካነሳሽ ማህሌት፣ እሱ ላይ ምስክር ነኝ። በፈረንጆች 2004 አካባቢ ነው የገባው። ያን ጊዜ ያለሁበትን ትምህርት ቤት ስም ልተወው። ከታሪክ ሌላ ሲቪክስ ደርበውብኝ ነበርና ፕላዝማ ደረሰኝ። ስክሪኑ በብረት ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ደወል ሲደወል ሮጬ እከፍታለሁ፤ ሳተላይቱ አይጠብቅም፣ አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ ትምህርቱ ጀምሯል። ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ፈጠን ብላ ትናገርና «አሁን ከጎንህ ካለው ጋር ተወያይ» ትላለች፤ ሰባ ልጅ የመጀመሪያውን መስመር ከስክሪኑ ገና እየገለበጠ ነው። ውይይቱ ሳይጀመር ጊዜው አለቀ ትለናለች። ኋላ ወንበር ያሉት ጨርሶ አይታያቸውም። መብራት የጠፋ ቀን ግን ልጆቹ «ቲቸር፣ በቃ እርስዎ ያስተምሩን» ይላሉ፤ መብራቱ ሲጠፋ መምህሩ በራ ብለን እንስቅ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሕይወቱ ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ የገጠር ልጅ የኬሚስትሪ ሙከራ ሲደረግ በዓይኑ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። የኬሚስትሪው ባልደረባዬ ለዚህ ሲል ፕላዝማን እስከ መጨረሻው ሲሟገትለት ኖሯል፤ እኔና እሱ ሻይ ቤት ተጨቃጭቀን አንጨርስም ነበር።

ማህሌት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የብረት ሳጥኑን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የእናቴስ ዘመን? እሷ ስለ ዘመቻው ብዙ አታወራም። መጽሔቱ ላይ ምን ብዬ ላስገባው?

ጡረተኛው መምህር

ከማዶ ሆኖ ለመጻፍ የሚከብደው እሱ ነው። ነገሩ ባጭሩ፦ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ተጠራርቶ ወደ ገጠር ሄደ፤ 60 ሺህ ገደማ ሰው። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ልጆቹ ገበሬ ማኅበር ሲያደራጁ፣ ፊደል ሲያስቆጥሩ ነበር። ለትምህርት ቤት ታሪክ የሚሆንሽ ግን ይህ ነው፦ በአገሩ ሁሉ ከፍተኛዎቹ ክፍሎች ባዶ ሆኑ። ያን ዓመት ስንት ተማሪ አስመረቀ ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ ባዶ ክፍል ነው። ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ቀይ ሽብር ጠበቃቸው። ከእናትሽ የክፍል ጓደኞች ያልተመለሱ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለማታወራ አትጫኛት። «ከክፍልሽ አጠገብሽ ማን ነበር የሚቀመጠው?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያት፤ ከፈለገች ከዚያ ትቀጥላለች።

ሌላም ባዶ ዘመን አለ። ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ ሲገባ የአበሻ ዘመናዊ ትምህርት ተቋረጠ፤ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ በየካቲት 1929፣ የተማረ ወጣት ተለይቶ ነው የታደነው። ከምኒልክ፣ ከተፈሪ መኮንንና ከሌሎቹም ወጥቶ ቋንቋ ያወቀው ትውልድ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ከነፃነት በኋላ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆኖ እንደ አዲስ ሲጀመር ዋናው ችግር አስተማሪ የሚሆን ኢትዮጵያዊ ማጣት ነበር፤ ለዚህ ነው ለዓመታት ከውጭ መምህር ሲመጣ የኖረው።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ መስመር አትርሺ። ለሴቶች ተብሎ የተሠራው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው በፈረንጆች 1931 ነው፤ በኋላ የካቲት 12 ይባል ነበር። ምኒልክ ከተከፈተ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ያን ርቀት አንባቢ ራሱ ይቁጠረው።

አቤል ዘ4ኪሎ

እኔ በቀልድ ጀምሬ ትምህርት ቤት ገባሁ። ጋሼ፣ ሚኒ ሚዲያውን ግን ረሱት! ጠዋት ሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል፣ በእረፍት ግጥምና የዘፈን ምርጫ... የዛሬ ስንት ጋዜጠኛ ማይክ የጨበጠው እዚያ ነው። የትምህርት ቤት ታሪክ የምትሉት ክፍል ውስጥ ያለውን ብቻ ነው እንዴ?

ጡረተኛው መምህር

ልክ ነህ አቤል፣ እጅ ሰጥቻለሁ። የክበባቱን ነገር እናንተው ጻፉት፤ መምህር የሚያየው የሚኒ ሚዲያውን ድምፅ ማጉያ ጩኸት ብቻ ነው።

ማህሌት፣ ለሥራው ይህን ያዢ። እዚያ ካሉት አባላት አሮጌ ካርድ፣ የማትሪክ ሰርተፊኬት፣ የክፍል ፎቶ ሰብስቢ። ፎቶ ስታነሺ ጀርባውንም አንሺ፤ የድሮ ሰው ስምና ዓመት ከጀርባ ይጽፋል። ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ባለቤቱን አሁኑኑ ጠይቂ። አዲስ አበባ ሰው ካለሽ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሬከርድ ቢሮ ይላክልሽ፤ የድሮ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ከተገኘ የስም ዝርዝሩን አትፈልጊው፣ የሚያስፈልግሽ የትምህርት ዓይነቶቹ ስም የተጻፈበት የላይኛው መስመር ነው። በየዐሥር ዓመቱ አንድ አንድ ብታገኚ ምን ይሰጥ እንደነበርና ምን እንደቀረ በእጅሽ ይገባል።

ማህሌት

ሬከርድ ቢሮውን የአክስቴ ልጅ ሰኞ ሊሄድልኝ ተስማምቷል። አቤል፣ የሚኒ ሚዲያውን ሩብ ገጽ ላንተ ሰጥቻለሁ፤ እስከ ወር መጨረሻ ላክልኝ፣ ቀልዱን ቀነስ አድርገህ።