ጥንቸላችን በርጩማ በላች፤ በርካሽ ምን እናጫውታት?

ጠያቂ (የቆጪው አባት)፦
ሰላም ቤተሰብ። የምንኖረው ጅማ፣ ቆጪ ነው። ከሦስት ወር በፊት ለልጄ አንዲት ነጭ ጥንቸል ገዛሁላት። ጎመንና ውኃ አይጎድልባትም። ግን ሊነጋጋ ሲል ተነስታ የቤቷን ሽቦ ቂርጭ ቂርጭ ታደርጋለች፤ እንቅልፍ ነሳችን። ስንለቃት ደግሞ ከአያቴ የወረስናትን ባለሦስት እግር በርጩማ አንዱን እግር እንደ እርሳስ ቀረጸችው። ልጄ ስልክ ላይ የጥንቸል መጫወቻ አይታ «ግዛልኝ» ትላለች። እዚህ ሲሸጥ አላየሁም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል ዋጋው ከራሷ ከጥንቸሏ በለጠ። ግቢያችን አቮካዶ አለ፣ ቅርንጫፉን ቆርጬ ብሰጣትስ?

ባለ አራት ጥንቸል፦
ወንድሜ፣ አቮካዶውን ተው! ቅጠሉም፣ ቅርፊቱም፣ ፍሬውም ለጥንቸል መርዝ ነው። ለልጅህም ዛሬውኑ ንገራት።

በርጩማውን የበላችው ለክፋት አይደለም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ በደንብ የሚሞርደው ሣር ነው። አንተ ደግሞ ጎመን እንጂ ሣር አልጠቀስክም። ደረቅ ሰርዶ ቀን ከሌት ከፊቷ አይጥፋ፣ ጎመኑን ቀንስ። ሽቦ መንከሷ ግን ብዙ ጊዜ ስልችት ብሏት ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ጥቅልል አትጣለው። ደረቅ ሣር ጠቅጥቅበት፣ መሀሉ ላይ የጥፍር ታህል ካሮት ደብቅ፣ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፍና ወለሉ ላይ ጣልላት። የእኔዋ መጀመሪያ ታሸተዋለች። ከዚያ በአፍንጫዋ ትገፋዋለች። ካሮቱ አልወጣ ሲላት በጥርሷ አንስታ ትወረውረዋለች፣ ተናዳ ማለት ነው! ካሮቱ እስኪወጣ ግማሽ ሰዓት ሥራ አገኘች። ካሮት ስኳር አለው፣ ከዚያ በላይ አትስጣት።

የሂርማታ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሱቅ ሄደው የብስኩት ካርቶን ይጠይቁ፣ በነፃ ይሰጡዎታል። ስኮቹንና ሽቦውን ነቅለው ሁለት በር ይቅደዱለት። በሩ አንድ ከሆነ መውጫ የለኝም ብላ ትፈራለች። ለመቆፈር ደግሞ አሮጌ ሳፋ ላይ ደረቅ አፈር ያድርጉላት። ቤቱ ይቆሽሻል፣ አልዋሽም።
ገራባስ ይሆናል? የእኛ ፍየሎች ይሻሙበታል።

የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፦
ገራባው ለፍየሎቹ ይቅር። ጫት አነቃቂ ነው፣ ጥንቸል ደግሞ ትንሽ እንስሳ ናት። የቡና ቅጠልም እንደዚያው፣ ካፌይን አለው። የኮክ እርጥብ ቅርንጫፍም አይሆንም። የሚሆነው የአኻያ ወይም የፖም እንጨት ነው፣ መድኃኒት ያልተረጨበት። አኻያውን ግን ከአዌቱ ወንዝ ዳር አይቁረጡ፤ የከተማው ቆሻሻ ይገባበታል።
የማዳበሪያ ከረጢት እንዳያነጥፉላት። ክሩን ከዋጠችው አንጀቷን ሊዘጋ ይችላል። ግማሽ ቀን ካልበላች ወይም በጠጥ ካልጣለች ነገ እናያለን አይባልም፣ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥቅልሉን ሠራሁላት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞር ብላ አላየችውም። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግን ጀመረችው፣ ልጄ እየሳቀች ሞተች። ብቸኝነት ይሆን እንዴ? ወንድ ልግዛላት?

ባለ አራት ጥንቸል፦
ማታና ንጋት ነው ሰዓቷ፣ አትጨነቅ። ጓደኛ ትወዳለች፣ ግን ካልተኮላሸ ወንድ ጋር እንዳታስገባት። አንድ ወር ገደማ ነው የምታረግዘው፤ እንደወለደች ወዲያው እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። እኔም የጀመርኩት በሁለት ነበር 😄 ሴት ፈልግላት። መጀመሪያ በሽቦ ለይተህ ጎን ለጎን አኑራቸው፤ ድንገት ካገናኘሃቸው ይቧጨራሉ።

ጠያቂ፦
ገባኝ። ጎረቤቴማ «የማይበላ እንስሳ ሁለት አድርገህ ምን ልትሠራ ነው?» እያለኝ ነው። በርጩማዋ ለጊዜው ቁም ሣጥን ላይ ወጥታለች።