ከብድር በፊት የአመራር ሥልጠና ግዴታ ይሁን? የሐዋሳ ነጋዴዎች ክርክር

አወያይ፦ የመከራከሪያ ሐሳቡ «ለአነስተኛ ንግድ የሚያበድሩ ተቋማት ተበዳሪው የአስተሳሰብና የአመራር ሥልጠና መውሰዱን ቅድመ ሁኔታ ሊያደርጉ ይገባል» የሚል ነው።

የእንጨት ሥራ ባለቤት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፦ እቃወማለሁ። ችግራችን የመያዣ ነው። የቤት ካርታ የሌለው ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ መሪ ቢሆን ከባንክ ባዶ እጁን ይመለሳል። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመያዣነት እንዲያገለግል የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ መላጊያና መሰንጠቂያ ማሽኖቼን ገምቶ የሚያበድረኝ እስካሁን አላገኘሁም። በዚህ ላይ የግዴታ ሥልጠና ሲጨመር ሌላ በር ተዘጋ ማለት ነው።

የሒሳብ ባለሙያ፣ መነኻሪያ ክፍለ ከተማ፦ ጋሼ፣ ስለ መያዣው ያሉት ልክ ነው። ሆኖም የበርካታ ሱቆችንና ወርክሾፖችን መዝገብ ስለምይዝ፣ ብድር ካገኙ በኋላም ባሉበት የቆሙትን በቅርብ አያለሁ። ባለቤቱ ቁልፉን፣ ገንዘቡን፣ የዋጋ ድርድሩንና የዕቃ ግዢውን ብቻውን ይዞ ይቀመጣል፤ ለቅሶ ወይም ሕመም ሲገጥመው ሱቁ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት የመጀመሪያው ይዳከማል። ሠራተኛው እስከ ስንት ብር ድረስ በራሱ መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ያስቀመጠ ባለቤት ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ይህ የአመራር ጉድለት ነው፤ ተጨማሪ ብድር ያባብሰዋል እንጂ አይፈታውም።

አስተሳሰብ በሥልጠና አይለወጥም ለሚሉ ደግሞ የቶጎው ጥናት መልስ አለው። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የተለመደውን የሒሳብና የንግድ አያያዝ ሥልጠና፣ ሁለተኛው ደግሞ ዕድልን ቀድሞ መፈለግን፣ ግብ ማስቀመጥንና መሰናክል ሲገጥም አለመቆምን የሚያለማምድ የራስ ተነሳሽነት ሥልጠና ሲወስዱ፣ ሦስተኛው ሳይሠለጥን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ካልሠለጠኑት ጋር ሲነጻጸር የራስ ተነሳሽነት ሠልጣኞች ትርፍ በ30 በመቶ ጨምሯል፤ የተለመደውን የወሰዱት ግን ያሳዩት ጭማሪ 11 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በስታቲስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ አልነበረም፤ ማለትም በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ሰው ሆኜ ይህን መቀበል ይከብደኛል፤ ቁጥሩ ግን ይህንን ይላል።

የምግብ ቤት ባለቤት፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ፦ እኔም እደግፋለሁ። በአገራችንም በተደረገ ጥናት ፋብሪካ ለመቀጠር ካመለከቱ ሰዎች መካከል በዕጣ ለተመረጡት 300 ዶላር ገደማ ተሰጥቷቸው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው ካልተሰጣቸው በሲሶ ያህል ቢበልጥም፣ በአምስተኛው ዓመት ልዩነቱ ጠፍቷል። ገንዘብ ያለ አመራር አይዘልቅም።

የእንጨት ሥራ ባለቤት፦ ይቅርታ እህቴ፣ ያ ገንዘብ የተሰጠው ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር ነው። ውጤቱ ገንዘብን የሚያስወቅስ ከሆነ ሥልጠናንም ያስወቅሳል። እኔ የምፈራውም ይህንኑ ነው፤ ሥልጠናው ግዴታ ሲሆን ሰዎች አዳራሽ ገብተው፣ ፈርመው፣ አበላቸውን ተቀብለው ይወጣሉ፤ የምስክር ወረቀቱም ከብድር ማመልከቻው ጋር ተያይዞ ይቀራል።

የሒሳብ ባለሙያ፦ በዚህ ነጥብ ጋሼ አሳምነውኛል። በሎሜ አሠልጣኞቹ በክፍል ትምህርቱ ብቻ አላበቁም፤ ለአራት ወራት በወር አንድ ጊዜ ወደ እያንዳንዱ ነጋዴ የሥራ ቦታ እየሄዱ ሦስት ሰዓት ያህል አብረው ይሠሩ ነበር። ስለዚህ «ቅድመ ሁኔታ» የሚለው ወጥቶ፣ ብድሩ ከተሰጠ በኋላ አበዳሪው አሠልጣኝ ወደ ሥራ ቦታው እንዲልክ የሚል ሐሳብ ይተካልን። አሠልጣኙ የውክልናውን ጉዳይ፣ ማለትም ለማን ምን ኃላፊነት እንደሚሰጥ፣ ከባለቤቱና ከሠራተኛው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይወስን።

የእንጨት ሥራ ባለቤት፦ በዚህ መልኩ ከተስተካከለ አልቃወምም። ነገር ግን የአሠልጣኙ ወጪ በወለዱ ላይ ተደምሮ እንዳይመጣብን፣ ማሽኖቻችንም በመያዣነት እንዲያዙልን የሚሉት ሁለቱ ነጥቦች አብረው በጽሑፍ ይግቡ።