«መስታወት አልነበረንም» ላሉት ሰውዬ

የገርጂ ልጅ፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ እንግዳ ስለ ወጣቱ እያወሩ ነበር። ያሉትን ልፃፈው፣ «እኛ ልጅ ሆነን መስታወት እንኳን አልነበረንም፣ ስለ መልካችን ተጨንቀን አናውቅም፣ የዛሬዎቹን ሴቶቹን ቲክቶክ ወንዶቹን ጌም ጨርሷቸዋል፣ መድኃኒቱ ስልኩን መቀማት ነው» አሉ። ጋዜጠኛው ምንም ሳይጠይቃቸው «ልክ ብለዋል» ብሎ ወደ ዘፈን ሄደ። ረዳቱም ተሳፋሪውም እውነት ነው እውነት ነው አለ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ደሜ ፈላ። 26 ዓመቴ ነው፣ ስራ አለኝ፣ ማታ ማታ ፐብጂ የሚባለውን በቡድን የሚጫወቱትን የተኩስ ጌም እጫወታለሁ። ስኳዳችን፣ ማለቴ ቡድናችን ውስጥ አንዱ ሀዋሳ ነው፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ደግሞ ከሰፈራችን አሜሪካ የሄደ ልጅ ነው። እሱ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፣ ስንደዋወል ሰላም ነህ ሰላም ነኝ ብለን ወሬ ያልቅብን ነበር። አባቱ መታመማቸውን የነገረኝ ግን ጌም ላይ ሆነን ነው፣ ያለቀሰውም እዛው ነው። ይሄ ነው «ጨርሷቸዋል» የሚባለው?

ጋሼ መምህር፦ ልጄ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ ሰውዬው የሚያወሩት ስለ ህፃናቱ ነው። 22 ዓመት አስተምሬያለሁ። ሰባተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት አድሮ ጠዋት ዴስክ ላይ ይደፋል። አምና የክፍል ፎቶ እንነሳ ስንል ዘጠኝ ሴት ልጆች በትምህርት ቤቱ ካሜራ አንነሳም አሉኝ፣ ለምን ስላቸው ፊት የሚያሳምረው ፊልተር የለውም አሉ። አስራ ሦስት ዓመታቸው ነው! እኔ ለዛ ሰውዬ አጨብጭቤያለሁ።

ጠይሟ፦ እኔ «መስታወት አልነበረንም» የምትለዋን ማለፍ አቃተኝ። እናቴ ጎንደር ገጠር ነው የተወለደችው፣ ቤታቸው መስታወት አልነበረም፣ እውነት ነው። ግን በዘጠኝ ዓመቷ ድዷን በመርፌ ተወግታ ተነቅሳለች፣ አንገቷንም። ያልተነቀሰች ሴት ጥርሷ አያምርም፣ ባል አታገኝም ስለተባለ። ደም እየተፋች ነው የተነቀሰችው። ታዲያ ያኔ ቲክቶክ ነበር? መስታወት የሌለው ሰው በሰው አፍ ነው ራሱን የሚያየው።

ጋሼ መምህር፦ ንቅሳት ባህል ነው፣ ጌጥ ነው። ከዚህ ጋር አታነካኪው።

ጠይሟ፦ ጋሼ በአክብሮት ነው የምለው፣ ጌጥ ከሆነ እናቴ ስትስቅ ለምን እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች? አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ «ገጠሬ» እንዳይሏት ነው። መጀመሪያ ሰው ነው አስነቀሳት፣ ቀጥሎ እዛው ንቅሳት ላይ ሰው ነው ያሳፈራት። እኔንም አክስቶቼ «ልጅቷ እኮ መልከ መልካም ናት፣ ትንሽ ቀላ ብትል» እያሉ ነው ያሳደጉኝ፣ ያኔ ቤታችን ያለው ስልክ ባለ በተኑ ነበር።

ሲስተር ኤም፦ ጠይሟ ልክ ነሽ ግን ስልኩን ነፃ አታውጪው። ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ፊታቸው ተልጦ የሚመጡ ልጆች አያለሁ። ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ከሌላ ጋር ቀላቅለው «ሚክስ» ብለው የሚሸጡላቸው አሉ፣ መጀመሪያ ወር ፊቷ ጥርት ይላል፣ ከዛ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ፀሀይ ሲነካው ያቃጥላል፣ ስታቆመው ደግሞ ይብስባታል ስለዚህ ማቆም አትችልም። የት አገኘሽው ስላት ላይቭ ላይ ሲሸጥ አይቼ ነው ትላለች። አክስትሽ ፍላጎቱን ትተክላለች፣ ስልኩ ቅባቱን ቤት ድረስ ያመጣዋል። ድሮ አንዲት አክስት ነበረች፣ አሁን በቀን ሦስት መቶ አክስት ስክሮል ታደርጋለች።

ቁጥር ይምጣ፦ ሲስተር ክሊኒክ የሚመጣው የታመመ ነው፣ ያልታመመውን አታዪውም። ከአንድ ክሊኒክ ተነስቶ ስለ ትውልድ መናገር አይቻልም።

ሲስተር ኤም፦ እሺ የፊጂን፣ የደሴቷን ሀገር ልንገርህ። ናድሮጋ የሚባል አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እንደኛው ሀገር ወፈር ያለ ሰው ደህና ቤት ያደገ ነው የሚባልበት ቦታ ነው። አን ቤከር የምትባል ተመራማሪ ቴሌቪዥኑ እንደገባ የትምህርት ቤት ሴቶችን ስትጠይቅ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንዲት እንኳን አልነበረችም፣ በ1998 ስትመለስ ግን 11.3 በመቶ ሆነዋል። ሦስት ዓመት! ያውም ፊልተር የለ ላይክ የለ ኮሜንት የለ፣ ቴሌቪዥን ብቻ።

ቁጥር ይምጣ፦ አውቀዋለሁ ጥናቱን። መጀመሪያ የተጠየቁት 63፣ ሁለተኛ የተጠየቁት 65፣ ያውም ሌሎች ልጆች ናቸው፣ ያንኑ ልጅ ተከታትለው አይደለም። በሦስት ዓመት ውስጥ ደግሞ የተቀየረው ቴሌቪዥን ብቻ ነው ወይ? ምልክት ነው በይኝ እስማማለሁ፣ ማስረጃ ነው ካልሽኝ አልስማማም።

ጋሼ መምህር፦ የኢንስታግራም ባለቤት ፌስቡክ እራሱ አምኖ የለም እንዴ? በ2021 ከውስጥ በወጣው ሰነድ ከሦስት ልጃገረድ አንዷ በኢንስታግራም ምክንያት ሰውነቷን ትጠላለች ብለው ፅፈዋል።

ቁጥር ይምጣ፦ ጋሼ ሰነዱ እውነት ነው፣ ግን ሲወራ ተጠመዘዘ። ቀድሞውኑ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከነበራቸው ልጃገረዶች ውስጥ 32 በመቶው ኢንስታግራም አባሰብን አሉ ነው የሚለው። ከሁሉም ልጃገረድ አይደለም።

ሲስተር ኤም፦ እና ይሄ ያፅናናሃል? ቀድሞ የቆሰለችውን ነው የሚያባብሰው እያልከኝ እኮ ነው። እኔ ጋ የምትመጣው እሷው ናት።

ሚኒሶታ፦ ልግባ፣ እዚህ አሜሪካ ልጆች እያሳደግኩ ነው። ወንዱ 12 ዓመቱ ነው፣ አማርኛ አልናገርም ብሎ ስንት ዓመት ያለቀስኩበት ልጅ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ወሰድኩት አልሆነም። አዲስ አበባ ካለው የእህቴ ልጅ ጋር ጌም መጫወት ከጀመረ ወዲህ «ና ሽፋን ስጠኝ»፣ «ቆይ ጠብቀኝ»፣ «አይዞህ» ይላል። አይዞህን ከኔ አይደለም የተማረው። ስለዚህ ጌሙን ቀሙት የሚሉኝ ሰዎች መጀመሪያ ልጄን አማርኛ ያስተምሩልኝ።

ሴቷ ግን ሌላ ነው። 14 ዓመቷ ነው፣ አምና ይዣት ቦሌ ስንወርድ ዘመድ ሁሉ አበባ ይዞ ቆሟል፣ መጀመሪያ የሰማችው ቃል «ውይይ ወፍራለች!» ነው። በፍቅር ነው እኮ ያሏት፣ አቅፈው እየሳሟት። ልጄ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እንጀራ ቆርሳ ታስቀምጣለች፣ ጠግቤያለሁ ትላለች። ማታ ስልኳን ሳየው ስለ ሆድ ማጥፊያ ቪዲዮ ብቻ ነው የሚመጣላት። እሷ አንዴ ፈለገች፣ ከዛ ስልኩ አልለቀቃትም።

ጋሼ መምህር፦ ወፈርሽ ማለት አማረብሽ ማለት ነው፣ ተስማማሽ ማለት ነው። ይሄንንም እንተው እንዴ?

ሚኒሶታ፦ ጋሼ በእኔ ልጅነት እንደዛ ነበር። አሁን እዛው አዲስ አበባ ያሉ የእህቴ ሴት ልጆችም ወፈርሽ ሲባሉ ይደነግጣሉ። ቃሉ ያው ነው፣ የሚሰማው ጆሮ ነው የተቀየረው።

ጠይሟ፦ ጆሮውን ማን ቀየረው የሚለው ላይ ሲስተር ልክ ናት፣ ይሄን እቀበላለሁ። ግን ቃሉንም መተው እንችላለን እኮ። ሰላም ከማለት በፊት ሰውነት መገምገም ግዴታ ነው?

ከሪያድ፦ እኔ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ማታ ስራ ስጨርስ ላይቭ እገባለሁ፣ ሌላ የማወራው ሰው የለኝም፣ አርብ እንኳን አልወጣም። ኮሜንቱን ብታዩት፣ «ከሳሽ፣ አያበሉሽም እንዴ»፣ «ጠቆርሽ»፣ ደሞ ሌላው «ወፈርሽ የዓረብ ሩዝ ነው»። በአንድ ቀን ሦስቱንም ተብያለሁ። ፊልተር ግን አትንኩብኝ። ፊልተር የማበራው ለማማር አይደለም፣ እናቴ ስለምታየኝ ነው። የዓይኔን ስር ካየች ሌሊቱን አትተኛም። ጋሼ ያሉት ልጆች ለምን እንደሚያበሩት አላውቅም፣ እኔ ግን ለዚህ ነው።

የገርጂ ልጅ፦ እህቴ እግዚአብሔር ያበርታሽ። ሰውዬው ይሄንን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር።

ጋሼ መምህር፦ ልጄ አንቺን ማን ይወቅስሻል። እኔ የምለው ስለ ሕግ ነው። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የኦንላይን ጌም አርብ ቅዳሜ እሁድና በዓል ቀን ብቻ፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብላ ወሰነች። አውስትራሊያ ከ16 በታች ያለ ልጅ የሶሻል ሚዲያ አካውንት አይኑረው ብላ ሕግ አውጥታለች። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በሽታ ብሎ መዝግቦታል። እነዚህ ሁሉ ተሳሳቱ?

ቁጥር ይምጣ፦ ኮሪያን ዘለሏት ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 በታች ያለ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት እንዳይጫወት ከለከለች፣ አስር ዓመት ሞክራ እራሷ አነሳችው፣ 2022 ሲገባ ሕጉ የለም። የጤና ድርጅቱም ቢሆን 2019 ላይ ሲያፀድቀው ብዙ ተጫወተ አላለም። ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ትምህርቱም ቤተሰቡም ሲበላሽ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ 12 ወር ሲቆይ ነው። ዴስክ ላይ የተኛ ሁሉ በሽተኛ አይደለም።

የገርጂ ልጅ፦ እኛስ ጋ በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቲክቶክም ፌስቡክም ቴሌግራምም ተዘግቶ አልነበረም? ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም ዞሮ ዞሮ ተቀማን። ምን ሆነ? የስምንተኛ ክፍል ልጅ ሳይቀር የተዘጋውን የሚያስከፍተውን ቪፒኤን ጫነ። አምስት ወር ሙሉ አክስቶች ጠቆርሽ ማለታቸውን አላቆሙም።

ጠይሟ፦ የገርጂ ልጅ እስካሁን ካንተ ጋር ነበርኩ፣ አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስኳዳችሁ ውስጥ ሴት አለች?

የገርጂ ልጅ፦ የለችም። ግን አልከለከልንም፣ የምትጫወት ካለች ትግባ።

ጠይሟ፦ እኔ ሦስት ዓመት ፐብጂ ተጫውቻለሁ፣ ማይኬን ዘግቼ። ለምን መሰለህ? ድምፄን ሲሰሙ ጌሙ ይቆማል። ፎቶ ላኪ፣ ቀይ ነሽ ጠይም፣ ወፍራም ነሽ ቀጭን፣ ካልላክሽ ደግሞ አስቀያሚ ስለሆንሽ ነው። እዛ ጫካ ውስጥ የኔ መልክ ምን ያደርግላቸዋል? ጠላት እየተኮሰብን እኮ ነው! ጓደኛህ አልቅሶበታል ያልከው ቦታ ለኔ አንድ ቃል የማልተነፍስበት ቦታ ነው።

የገርጂ ልጅ፦ ሁሉም ወንድ እንደዛ አይደለም። እኛ ሴት ሰድበን አናውቅም።

ጠይሟ፦ ሴት የሌለችበት ስኳድ ሴት ሰድቦ አያውቅም ብትለኝ ምን ልበልህ። ሌላ ሰው ሲሰድብ ሰምተህ ዝም ያልክበት ቀን የለም?

የገርጂ ልጅ፦ ... አለ።

ጠይሟ፦ አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጌም ውስጥ የሰራኋት ልጅ ቀይ ናት። ስመርጣት አላሰብኩበትም፣ ያሉትን ቀለሞች አየሁ፣ እጄ ወደ ቀይዋ ሄደ። ልብስ በብር ገዝቼላታለሁ። ስሜን ጠይሟ ብዬ እዚህ እከራከራለሁ፣ እዛ ግን ሦስት ዓመት ቀይ ሆኜ ነው የተጫወትኩት። ለዚህ ነው መስታወት የምትለዋ ቃል ያመመችኝ።

ሲስተር ኤም፦ አይዞሽ እህቴ። ወንዶቹም ዝም ይላሉ እንጂ አለ። የጌሙን ሰውዬ ትከሻ አይቶ በሁለት ወር እንደሱ ልሁን ብሎ ምን እንዳለበት የማይታወቅ ዱቄት እየገዛ የሚጠጣ የ17 ዓመት ልጅ መጥቶብኛል። ፕሮቲን ነው ይላል፣ ጣሳው ላይ የሚነበብ ፅሁፍ እንኳን የለውም።

የገርጂ ልጅ፦ ታናሽ ወንድሜ ጂም ጀምሯል። ነገ ጣሳውን አየዋለሁ።

ጋሼ መምህር፦ አያችሁ፣ ሁላችሁም የምትናገሩት የኔን ነው። ጉዳት አለ ነው የምትሉት። ታዲያ ስልኩ ይቀማ ስል ለምን ጠላት ሆንኩ?

ጠይሟ፦ ጠላት አይደሉም ጋሼ። ስልኩን ቀምተው የሰውን አፍ ትተውታል፣ እሱ ነው ያናደደኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ ክፍል ውስጥ ስሟን የማያውቋትን ልጅ ምን ብለው ነው የሚያስነሷት?

ጋሼ መምህር፦ እንደማንኛውም አስተማሪ ነዋ።

ጠይሟ፦ «አንቺ ቀይዋ» አይሉም? «አንቺ ወፍራሟ»?

ጋሼ መምህር፦ አራት ክፍል ነው የማስተምረው፣ ወደ 200 ልጅ። ስማቸውን ሁሉ እንዴት ልያዝ? ለማዋረድ ብዬ አይደለም፣ ልጆቹም አይከፋቸውም።

ጠይሟ፦ እኔን ሰባተኛ ክፍል መምህሬ ዓመቱን ሙሉ «አንቺ ጥቁሯ» ብሎ ነው የጠራኝ። እሱም አይከፋትም ይል ነበር።

ጋሼ መምህር፦ የስም መጥሪያው ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ሰኞ ከሱ እጠራለሁ። ስልክ ግን ክፍል ውስጥ ካየሁ አሁንም እቀማለሁ።