ጤነኛ ሾፌር በውድድር ዘመን መሀል ይቀየር ወይ? የፎርሙላ ዋን ክርክር

አወያይ፦
ጥያቄው አንድ ነው። የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ጤነኛ ሾፌርን በውድድር ዘመን መሀል እንዳያወርዱ ሕግ ይከልክላቸው? መነሻችን የ2025ቱ የሬድ ቡል ጉዳይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሊያም ላውሰን ሰርጂዮ ፔሬዝን ተክቶ የማክስ ቨርስታፐን የቡድን ጓደኛ ሆነ። አውስትራሊያና ቻይና ላይ ነዳ። ሦስተኛው ውድድር ሳይደርስ ወደ ታናሹ ቡድን፣ ወደ ሬሲንግ ቡልስ መለሱት። በቦታው ዩኪ ጹኖዳ ገባ። አሁን ያለው ደንብ አንድ ቡድን በአንድ ዘመን እስከ አራት ሾፌር እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ይህ ይቆይ ወይስ ይጥበብ? ሐሳብ ላይ ተከራከሩ፤ ሰው ላይ አትሂዱ።

ሰላም ከዱባይ፦
ይከልከል። ስላዘንኩለት ብቻ አይደለም። ሁለት ውድድር ማንንም አይለካም።

ላውሰን ምን ዕድል እንዳገኘ እንይ። የቅድመ ውድድር ሙከራው ባሕሬን ላይ ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ እሱንም ከማክስ ጋር ተካፈለ። ከዚያ ሜልበርን ሄደ፤ በፎርሙላ ዋን ነድቶበት የማያውቅ ሰርኪዩት። ሦስተኛው ልምምድ በሞተር ችግር አመለጠው። እንዲያው ማጣሪያ (የመነሻ ቦታ የሚወሰንበት ዙር) ገብቶ 18ኛ ሆነ። እሑድ ዝናብ ዘነበ፣ ተጋጭቶ ወጣ። በሳምንቱ ሻንጋይ። እሱም አዲሱ ነው። የስፕሪንት ሳምንት (ከዋናው ውድድር በፊት ሌላ አጭር ውድድር ያለበት) ስለነበር ልምምዱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በሁለቱም ማጣሪያ መጨረሻ ወጣ። በቃ፣ ፍርዱ ተሰጠ።

ልጁ ከዚያ በፊት የነዳው 11 ግራንድ ፕሪ (ዋናው ውድድር) ብቻ ነው። ሬድ ቡል ይህን ሳያውቅ ነው የመረጠው? ዲሴምበር ላይ ከጹኖዳ አስበልጦ ወሰደው፣ ማርች ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ያበላሸው መራጩ ነው፣ የተቀጣው ግን ተመራጩ። ይሄ ያናድደኛል።

ሄኖክ መካኒኩ፦
ሰላም፣ ስለ ሁኔታው ያልሽው ልክ ነው። መደምደሚያሽ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የምውለው፤ ነገሩን ከሾፌሩ ወንበር ብቻ ማየት ይከብደኛል። ከሁለቱ ሾፌሮች ጀርባ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ አለ። የሽልማቱ ገንዘብ የሚከፋፈለው የሁለቱ ሾፌሮች ነጥብ በሚደመርበት የቡድኖች ሻምፒዮና ደረጃ ነው።

2024ን ተመልከቱ። ማክስ በ437 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። ፔሬዝ 152 ብቻ አመጣ። ቡድኑ በ589 ሦስተኛ ወጣ፣ ማክላረን በ666 ዋንጫውን ወሰደ፣ ፌራሪ በ652 ሁለተኛ ሆነ። ፔሬዝ የማክስን ግማሽ እንኳ ቢያመጣ ፌራሪን ያልፉ ነበር። ያን ዓመት ሬድ ቡል አልቀየረም። እንዲያውም ጁን ላይ የፔሬዝን ውል አራዘመለት። መታገሳቸው ምን እንዳስከፈላቸው አዩ። በሚቀጥለው ዓመት ቶሎ ቢወስኑ ምን ይገርማል?

የቦሌው ማክስ፦
ይህ ሕግ በ2016 ቢኖር ኖሮ ቨርስታፐን ባርሴሎና ላይ አያሸንፍም ነበር። ዳኒል ክቭያትን አውርደው እሱን በሬድ ቡል አስቀመጡት፤ 18 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሸንፎ በታሪክ ትንሹ አሸናፊ ሆነ። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ቢጫ ባንዲራ፦
ማክስን የመሰለ ሾፌር በየዓመቱ አይገኝም፤ ለአንድ እሱ ስንት ሰው እንደተሰበረም ቁጠር። ክቭያት እኮ ከመውረዱ ትንሽ ቀደም ብሎ ቻይና ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ሩሲያ ላይ በመጀመሪያው ዙር የፌራሪውን ሾፌር ቬተልን ሁለቴ ገጨው፣ ያ አንድ መጥፎ እሑድ ሁሉን አስረሳ።

እኔ ግን ሁላችሁም ዋናውን ነገር የዘለላችሁት ይመስለኛል። ችግሩ መኪናው ነው። የሬድ ቡል መኪና ለዓመታት ወደ ማክስ አነዳድ እየተጠጋ ነው የተሠራው። የፊቱ ክፍል መሪውን ገና ስትነካው ይታጠፋል፣ የኋላው ይሸሻል። ማክስ ይህን ይወደዋል፤ ሌላው ሰው መኪናውን ማመን ያቅተዋል። የማክስ የቡድን ጓደኛ የነበረው አሌክስ አልቦን ሲያስረዳ የኮምፒውተር ማውስን ፍጥነት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ እንደመጠቀም ነው ብሏል።

ፒየር ጋስሊ በ2019 ከ12 ውድድር በኋላ ከሬድ ቡል ወረደ። ተተኪው አልቦን በ2020 መጨረሻ ወረደ። ፔሬዝ ወረደ። ላውሰን ወረደ። ከዚያ ጹኖዳ። አምስተኛ ዘመኑን የያዘ፣ የጃፓኑን ሰርኪዩት ሱዙካን ከልጅነቱ የሚያውቅ ጃፓናዊ። እዚያው ሱዙካ ላይ በመጀመሪያው ቀን 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በዚያው ዓይነት መኪና ማክስ ያን ዕለት ከፖል (ከአንደኛው መነሻ ቦታ) ተነስቶ አሸነፈ። ከሱዙካ ጀምሮ በነበሩት 22 ውድድሮች ጹኖዳ ለሬድ ቡል ያመጣው 30 ነጥብ ነው። ማክስ በዚያው ጊዜ 385። ታዲያ አምስቱም ሾፌሮች ሰነፎች ናቸው? ሞተሩ እየሞቀ ሾፌር ብትቀይር ሙቀቱ አይቀንስም።

ሄኖክ መካኒኩ፦
ስለ መኪናው ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ግን ይኸው ነገር የሰላምን ሕግ አይደግፍም። መኪናው ለሁለተኛው ሾፌር የማይሆን ከሆነ ላውሰንን እዚያው 24 ውድድር ማስቀመጥ ምን ይጠቅመዋል?

ጋሽ መስፍን፦
ልጆች፣ ይህን ነገር አሁን የመጣ አታስመስሉት። በ1991 ሮቤርቶ ሞሬኖ የሚባል ብራዚላዊ ቤኔተን ላይ ይነዳ ነበር። ስፓ ላይ አራተኛ ወጣ፣ የቀኑን ፈጣን ዙርም እሱ ነው ያስመዘገበው። ከዚያ ወዲያ አባረሩት። ለምን? በዚያው ስፓ ላይ በጆርዳን መኪና የመጀመሪያውን ውድድሩን የነዳ አንድ ጀርመናዊ ወጣት ስላዩ። ሚካኤል ሹማከር ነው። በቀጣዩ ውድድር ሞንዛ ላይ የሞሬኖን መኪና ይዞ ቀረበ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። በዚያው ዓመት ፌራሪ ሦስቴ የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን አለን ፕሮስትን የመጨረሻው ውድድር ሳይደርስ አሰናበተው፤ መኪናውን ከጭነት መኪና ጋር ስላወዳደረ።

ስፖርቱ ጨካኝ ነው። ግን ያኔ ሾፌሩ ዓመቱን ሙሉ ይለማመድ ነበር። ዛሬ ልምምዱን ከልክለው ጭካኔውን ትተውታል። እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ቤዛ፦
ጋሼ ጥሩ ነጥብ አነሱ። ከዚህ ጋር የሚሄድ ምሳሌ ልጨምር። ሉዊስ ሃሚልተን ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ በፌብሩዋሪ 2024 ሲታወቅ መርሴዲስ በቦታው ኪሚ አንቶኔሊን መረጠ፣ 18 ዓመቱ ነበር። ከመግባቱ በፊት ወራት ሙሉ በቆዩ የመርሴዲስ መኪናዎች አለማመዱት፤ የቆየ መኪና ላይ ደንቡ ላላ ይላል። ያም ሆኖ በ2025 አውሮፓ ላይ ልጁ ተሰበረ። ኢሞላ፣ ስፔን፣ ኦስትሪያ፣ ብሪታንያ አልጨረሰም፤ ሞናኮ 18ኛ ሆነ። በመሀል ካናዳ ላይ ሦስተኛ ወጥቶ ነበር፣ ከዚያ ተመልሶ ወደቀ። የመርሴዲሱ አለቃ ቶቶ ቮልፍ ከሞንዛ በኋላ በአደባባይ ወቅሶታል። ግን አላወረደውም። ያ ልጅ ብራዚል ላይ ሁለተኛ ወጣ፣ ላስ ቬጋስ ሦስተኛ፤ ዓመቱን በ150 ነጥብ ዘጋ። መርሴዲስ በ469 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ፣ ሬድ ቡል በ451 ሦስተኛ። ልዩነቱ 18 ነጥብ ነው። ትዕግሥትም በነጥብ ይለካል።

የቦሌው ማክስ፦
ቤዛ፣ አንቶኔሊ ፍጥነቱን አስቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ላውሰን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኋላ ነበር። ደግሞ ከወረደ በኋላ ምን ሆነ? ሞናኮ 8ኛ፣ ኦስትሪያ 6ኛ፣ ባኩ 5ኛ። ዓመቱን ከጹኖዳ በልጦ ጨረሰ፤ ለ2026ም መቀመጫው ጸናለት። ጋስሊም እንዲሁ ነው። ሬድ ቡል ካወረደው በኋላ በዚያው ዓመት ብራዚል ላይ ሁለተኛ፣ በ2020 ሞንዛ ላይ አንደኛ። መውረዱ ለሁለቱም መዳኛ ሆናቸው። ሕጋችሁ ይህን በር ይዘጋል።

ሰላም ከዱባይ፦
መዳኛ ሆነላቸው የምትለው እነሱ የሚወርዱበት ቤት ስላላቸው ነው። ሬድ ቡል ሁለት ቡድን አለው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ያዛውራል። የማክላረኑ አለቃ ዛክ ብራውን አንድ ባለቤት ሁለት ቡድን መያዙን ሲቃወም የኖረው በከንቱ አይደለም። ሌላ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅስ? ጃክ ዱሃንን እዩ። አልፒን ላይ በ2025 ስድስት ግራንድ ፕሪ ነዳ። ገና ዓመቱ ሳይጀምር ፍራንኮ ኮላፒንቶን ከዊሊያምስ አምጥተው ተጠባባቂ አድርገው ከጀርባው አቁመውበት ነበር። እያንዳንዱን ዙር መቀመጫው ሊወሰድ እንደሆነ እያወቀ የሚነዳ የ22 ዓመት ልጅ እንዴት ይረጋጋል? ከሚያሚ በኋላ ወጣ፣ የሚወርድበት ቤት አልነበረውም። ታዲያ አልፒን ምን አተረፈ? በዓመቱ ያገኘው 22 ነጥብ ነው፣ ሁሉም የጋስሊ። ኮላፒንቶ ዜሮ። መጨረሻ ወጡ።

ሄኖክ መካኒኩ፦
ያንኑ ኮላፒንቶን ዊሊያምስ በ2024 በሎጋን ሳርጀንት ቦታ ሲያስገባው ግን ሠርቷል። ሳርጀንት በዚያ ዓመት አንድም ነጥብ አልነበረውም። ኮላፒንቶ ባኩ ላይ 8ኛ፣ ኦስቲን ላይ 10ኛ ሆኖ አምስት ነጥብ አመጣ። ሳርጀንት ደግሞ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ተሰጥቶታል፤ ማንም ቸኮሉ አይልም። ስለዚህ «አይቀየር» ብሎ መዝጋት አያስኬድም። ስንት ጊዜ ይሰጠው ብትሉኝ አብረን እናስባለን።

ቢጫ ባንዲራ፦
እሱ ይሻላል። ሁለት ውድድርና አንድ ዓመት ከመንፈቅ አንድ አይደሉም።

ሰላም ከዱባይ፦
እሺ፣ ቁጥር ላስቀምጥ። ዘመኑን የጀመረ ሾፌር የመጀመሪያዎቹን ስምንት ግራንድ ፕሪ እንዲነዳ ዋስትና ይኑረው። ሕመምና ጉዳት ሲያጋጥም ብቻ ይተካ። ካርሎስ ሳይንዝ በ2024 ሳውዲ ላይ ትርፍ አንጀቱን ሲታመም ኦሊቨር ቤርማን ገብቶ 7ኛ እንደወጣው ማለቴ ነው። ሳይንዝ ቶሎ ተመልሶ አውስትራሊያን አሸነፈ። እንዲህ ያለውን ማንም አይቃወምም።

ጋሽ መስፍን፦
ልጄ፣ ሐሳብሽ ቅን ነው። ግን ቡድኖቹን አውቃቸዋለሁ። ሕጉ በወጣ በሳምንቱ ሾፌሩ «ሆዱን አመመው» ይባላል።

ሄኖክ መካኒኩ፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። ሐኪም ይመርምር ቢባል ደግሞ ውሉ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡታል። «በቡድኑ ጥያቄ መቀመጫዬን እለቃለሁ» የሚል መስመር ላይ ሲያስፈርሙት የ20 ዓመት ልጅ እምቢ ሊል ነው? ለዚያ ወንበር ሲል የመጣለትን ሁሉ ይፈርማል። አሁንም ውሎቹ በውጤት ላይ የተንጠለጠሉ አንቀጾች አሏቸው። ፔሬዝ እስከ 2026 የሚያቆየው ውል ጁን ላይ ተራዝሞለት ዲሴምበር ላይ የወጣው እኮ ነው።

ቤዛ፦
ለዚህ የሚሆን ተቋም አለ እኮ። ጋሼ ባነሱት የሹማከር ጉዳይ ምክንያት የተቋቋመ የውል ቦርድ ስዊዘርላንድ ውስጥ አለ። የሾፌሮች ውል እዚያ ይመዘገባል። በ2022 አልፒን ኦስካር ፒያስትሪ የእኔ ነው ሲል፣ ማክላረን ደግሞ የእኔ ነው ሲል፣ ጉዳዩን አይቶ ለማክላረን የፈረደው እሱ ቦርድ ነው። ዛሬ የሚያየው ሾፌሩ የማን እንደሆነ ነው። ሥልጣኑን ትንሽ ያስፉት። የስምንቱን ውድድር ዋስትና የሚሽር አንቀጽ ያለበትን ውል አልመዘግብም ይበል። ካልተመዘገበ ደግሞ ቡድኑ ሾፌሩን ሌላ ሲወስድበት የሚከራከርበት አይኖረውም። ቡድኖቹ ይህን ይፈሩታል።

የቦሌው ማክስ፦
ከሞላ ጎደል ሊያሳምነኝ ነው። ግን አይዛክ ሃጃር ለ2026 ያን መቀመጫ ወስዷል። በስምንተኛው ውድድር ማክስ 150 ነጥብ፣ እሱ 10 ቢኖረው፣ ቡድኑ እጁን አጣጥፎ ይይ?

ቢጫ ባንዲራ፦
ሃጃር እኮ በጀማሪነቱ ዛንድቮርት ላይ በሬሲንግ ቡልስ መኪና ሦስተኛ ወጥቷል። 10 ነጥብ ብቻ ቢኖረው መጀመሪያ የምጠይቀው መኪናውን ነው። በ2026 መኪናውም ሞተሩም በአዲስ ደንብ ከዜሮ ይሠራል። ለሁለተኛው ሾፌር የሚሆን መኪና ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይመጣም።

ሄኖክ መካኒኩ፦
የቤዛን ሐሳብ እቀበላለሁ፣ ግን ስምንት ይበዛል። የዓመቱ ሲሶ ነው። አምስት ይሁን፤ ከአምስቱም ቢያንስ ሦስቱ ስፕሪንት የሌለባቸው ሳምንቶች ይሁኑ፤ ልጁ በቂ ልምምድ እንዲያገኝ።

ሰላም ከዱባይ፦
ስድስት በለኝና እንስማማ። የስፕሪንቱን ነገር ግን ወድጄዋለሁ፤ እሱ ይግባበት።