ከደሴ ተነስተን ሴሬንጌቲ በራሳችን፦ አራት ነን፣ 14 ቀን አለን፣ እስቲ ምከሩን

የጦሳ ሥር፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ አንበሳ አስተምሬያለሁ። ያየሁት ግን አንዴ ነው፤ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ፍርግርግ ውስጥ፣ እሱም ተኝቶ። አምና አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ አንበሳ ሲያድን አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

በዚያው እቁብ ጀመርን። አራት ነን፦ እኔ፣ አንድ የሂሳብ አስተማሪ፣ አንድ ፋርማሲስት፣ አራተኛው ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ጓደኛችን። አስጎብኚ ጠይቀን ነበር፤ የነገሩን ዋጋ እቁባችንን ሁለቴ ይውጠዋል። ስለዚህ ራሳችን ልናሰናዳው ቆርጠናል።

የጻፍነው ይኸውላችሁ። ኬንያ ማሳይ ማራና አምቦሴሊ። ታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ። ኡጋንዳ ጂንጃ፣ የነጭ ዓባይ መነሻ። ሩዋንዳ ጎሪላ። ሁሉም በ14 ቀን። የሂሳብ አስተማሪው ይበቃል ይላል፤ እኔ ግን ሂሳቡን ጠርጥሬዋለሁ።

አሁን ጥያቄዬ። መለዋወጫ ሻጩ «የራሴን ዶልፊን ይዘን በሞያሌ እንውጣ» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ይሆናል ወይ? ደግሞ 100 ዶላር የሚከፈልበት የምሥራቅ አፍሪካ ቪዛ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። አራቱንም አገር ይይዛል? መውጣት የምንችለው ሐምሌ ከገባ በኋላ ነው፣ እስከዚያ ፈተና አለብን። እኛ ጋ ክረምት ስለሆነ እዚያም ጭቃ እንዳይጠብቀን ፈርተናል። ስንቅ አያሳስብም፤ ባለቤቴ ከወዲሁ የበሶ ገብስ ማሰናዳት ጀምራለች።

ቦርከና ማዶ፦

መምህር፣ አንተ እያልኩ ብጽፍልህ ቅር አይበልህ፣ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አምና ክረምት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ይህንኑ ያሰባችሁትን ጉዞ ሄደን መጥተናል። እኛም መጀመሪያ አራት አገር ብለን ነበር። የሄድነው ሁለት ነው፤ እሱም በቅቶን ተርፏል።

ከጎሪላው ልጀምር። ፈቃዱ ከአፍሪካ ውጭ ለሚመጣ ሰው ኡጋንዳ 800 ዶላር፣ ሩዋንዳ 1,500 ዶላር ነው፤ ለአፍሪካዊ ቢቀንስም በመቶዎች ዶላር ነው። አራት ሆናችሁ ብትገቡ ሺዎች ዶላር ሆነ ማለት ነው። ከጎሪላዎቹ ጋር የምትቆዩት ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። እቁባችሁን ጎሪላ በላው። ጂንጃንም ተወው። በሽሎን የተሻገረ ወሎዬ ዓባይን አላየሁም አይበል፤ የጂንጃውም ውሃ ካርቱም ሲደርስ ከኛው ጋር ይቀላቀላል።

ቪዛ። የ100 ዶላሩ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ነው የሚይዘው። ታንዛኒያ የለችበትም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኬንያ ደግሞ ለኛ ያለ ቪዛ ናት፣ ስለዚህ ያ ቪዛ ለእናንተ ጭራሽ አያስፈልግም። የታንዛኒያውን ግን ቀደም ብላችሁ በኢንተርኔት አመልክቱ። ድንበር ደርሰን እንጠይቃለን እንዳትሉ። የኛ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቀናል፣ በመሃል አንዱ ጓደኛችን ተስፋ ቆርጦ ሻንጣውን ፈታ።

ስለ ዶልፊኑ፣ ለባለቤቱ ከሹፌር ወንድሙ እንደመጣ ምክር ንገረው፦ ተወው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ገደማ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ያንኑ ያህል። በማርሳቢት በኩል ያለው መንገድ አሁን ጥሩ አስፋልት ነው፣ በመንገዱ አላማም። ግን ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፣ የሱ መሪ ደግሞ በግራ በኩል ነው። ከባድ መኪና ለመቅደም ስትወጣ ፊት ለፊት የሚመጣውን የምታየው ከገባህበት በኋላ ነው። ካርኔ የሚባል የጉምሩክ ዋስትና ወረቀትም ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ማራ መረሬ አፈር ነው። የቦሩ ሜዳን መረሬ በሐምሌ በዶልፊን ግባበት በለው፣ ከወጣ ማራም ይውጣ።

የሚያዋጣው ናይሮቢ ላይ ጣሪያው የሚከፈት ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ መከራየት ነው። እኛ በቀን 220 ዶላር ከፈልን፣ ነዳጁን ጨምሮ። ለአራት ሲካፈል 55 ነው። ሹፌሩ ቀጭን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሣር ውስጥ ያለ ጆሮ ብቻ አይቶ «አቦሸማኔ» ይልሃል።

አሁን ዋናው፣ የበር ክፍያው። ማራ ለውጭ አገር ሰው በቀን 100 ዶላር ነበር ሲሉህ ግማሹን ነው የነገሩህ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ እስከ ጁን 100፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ነው። በኛ ቀን ብትቆጥረው ሰኔ 23 የገባ 100 ይከፍላል፣ ሰኔ 24 የገባ 200። በአንድ ሌሊት! አፍሪካዊ ነን ብላችሁ አትከራከሩ፣ እኛ ተከራክረን አይተነዋል። ቲኬቱም ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ነው፤ ከበሩ ውጭ ካደራችሁ በማግስቱ እንደገና ትከፍላላችሁ። ጥሬ ገንዘብ በሩ ላይ አይቀበሉም።

ፈተና አለብን ካልክ ከሰኔ 24 በፊት መድረስ የለም። ታዲያ ምን ይደረግ? ማራንና ሴሬንጌቲን በካርታ እያቸው። አንድ ሜዳ ናቸው፣ ድንበሩን ያሰመረው ሰው ነው። ያ የምታስተምረው የዋይልድቢስት መንጋ፣ ከሚሊዮን በላይ የሆነው፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማራ ወንዝን ወዲያና ወዲህ ሲሻገር ነው የሚከርመው። ሴሬንጌቲ በር 82.60 ዶላር ነው፣ ለ24 ሰዓት። ስለዚህ ማራ አንድ ቀን ሙሉ ተጠቀሙበት፣ ሁለቱን ቀን ሴሬንጌቲ አድርጉት። ጭቃውን ደግሞ አትፍራ። ሐምሌና ነሐሴ እነሱ ጋ ደረቁ ወቅት ነው፤ ማራ ላይ ከሰዓት በኋላ አልፎ አልፎ ቢጥል ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ናይሮቢ፣ ከዚያ ማራ። ከማራ ቀጥታ ወደ ሴሬንጌቲ የሚያስገባው በር ለቱሪስት ዝግ ነው፣ ስለዚህ በምዕራብ ዞራችሁ ኢሴባኒያ ድንበር ትወጣላችሁ። የኬንያው መኪና እዚያ ይመለሳል። የታንዛኒያው ሲራሪ ላይ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ሴሬንጌቲ፣ ንጎሮንጎሮ፣ አሩሻ። መመለሻ ናይሮቢ እንዳትቆርጡ። ከኪሊማንጃሮ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። የመጣችሁበትን መንገድ ሁለቴ አትፈጩም።

ንጎሮንጎሮ፣ አውሬው ያለበት ትልቁ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ለመውረድ 295 ዶላር ነው፤ ይህ ግን በመኪና ነው እንጂ በሰው አይደለም፤ ለየራሳችሁ 73.75 ይደርሳችኋል። የሰው መግቢያው ለብቻው አለ። ወደ ሴሬንጌቲ ለማለፍ ብቻ የሚሻገረውም ይከፍላል። ጉድጓዱ 600 ሜትር ይወርዳል። አፋፉ ላይ ስትቆም መጀመሪያ ምንም አታይም፣ ጉም ነው። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። ፈረንጆቹ በቁምጣ ሲንቀጠቀጡ እኛ ተከናንበን ቡና ጠጣን።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ነው፣ ጠዋት 1 ሰዓት ብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሴሬንጌቲ ማታ ሹፌሩ «ነገ ሳ ኩሚ ና ሞጃ አልፋጂሪ» አለን። ኩሚ ና ሞጃ አሥራ አንድ መሆኑን ለምጄዋለሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ በፈረንጅ 11 ነው አልኩና ረፋድ 5 ሰዓት አደረግሁት። አብሮን የነበረው የባቲ ልጅ «አልፋጂሪ አለ እኮ፣ ፈጅር ማለት ይሆናል» አለኝ። «አንተ ሁሉ ነገር ሶላት ይመስልሃል» ብዬ ሳቅሁበት። ሌሊት 11 ሰዓት ሹፌሩ ድንኳኑን ሲመታ ሁላችንም ሱሪ ፍለጋ። ስንወጣ ፀሐይ ወጥታለች። ሌሎቹ መኪኖች አንበሶቹ የሜዳ አህያ ሲጥሉ አይተው ሲመለሱ ተገናኘን። እኛ የደረስነው ጅቦቹ ላይ ነው። የባቲው ልጅ እስከ አሩሻ አላናገረኝም።

ደጋ ሰው፦

ቦርከና ማዶ መንገዱን ጨርሶታል፣ እኔ የጤናውን ልበል። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ።

ቢጫ ካርድ ሳትይዙ እንዳትወጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ማለቴ ነው። ኢትዮጵያም ኬንያም በሽታው ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላሉ፣ ኬንያ ስትገቡም ታንዛኒያ ስትገቡም ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የሚሮጥ ሰው ዋጋ የለውም። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ነው። የድሮ ካርድ ያላችሁ 10 ዓመት አልፎታል ብላችሁ አትጨነቁ፣ ያ ሕግ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል።

ወባውን ፋርማሲስታችሁ ያውቀዋል፣ ግን ላስታውሰው። መከላከያው ከመግባታችሁ በፊት ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላም ይቀጥላል። ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጠን ወባ የኮምቦልቻ ሰው በሽታ ይመስለናል። (ቦርከና ማዶ ይቅርታ።)

ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ተዉ። ገንዲ የምታመጣው የፄፄ ዝንብ እነዚህን ሁለት ቀለሞች ትወዳለች። ካኪና ግራጫ ይሻላል።

ሌላው በሶው። መምህር፣ ባለቤትዎ በፌስታል እንዳታሽገው። ኬንያ ፌስታልን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ታንዛኒያ ከ2019። ልብስ በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ የመክተት ልማዳችንን ጭምር ነው የምላችሁ። በጨርቅ ከረጢት ይሁን።

ደንቆሮ ጫካ፦

ስሜን አይታችሁ አትሳቁ፣ የጫካ ስም ነው። ቦረና ሳይንት ነው ያለሁት።

እኔ የምለው፣ እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር ያለውን ሳታዩ ሴሬንጌቲ ምን አስኬዳችሁ? ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፣ ጠቅላላ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ታንዛኒያዊ ቢመጣ ያንን ፍለጋ ነው የሚመጣው። 82 ዶላርም አንጠይቅም።

የጦሳ ሥር፦

ደንቆሮ ጫካ፣ ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ግን ሄጃለሁ እኮ! ሁለቴ፣ ተማሪዎች ይዤ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆሞ አይቻለሁ፣ መጨረሻ ላይ ፍልፈሉ በሌላ ቀዳዳ አመለጠ። የልጅቷ ጥያቄ ግን ስለ አንበሳ ነበር።

ቦርከና ማዶ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ተሰብስበን ኡጋንዳና ሩዋንዳን ሰረዝን። የሂሳብ አስተማሪው የጎሪላውን ዋጋ ሲሰማ ብዙም አልተከራከረም። አምቦሴሊ ላይ አልተስማማንም። እኔ ኪሊማንጃሮን ከሩቅ ማየት እፈልጋለሁ፣ ፋርማሲስቱ «ተራራ ለማየት ደሴ መስኮት መክፈት ይበቃል» ይላል። ምን ትላለህ?

ዶላሩስ እንዴት አደረጋችሁት? ሲስተር፣ በሶውን ነግሬያታለሁ፤ አሮጌ ነጠላዬን ቀዳ ከረጢት እየሰፋች ነው፣ አላስፈቀደችኝም።

ቦርከና ማዶ፦

ፋርማሲስታችሁ ደስ ይላል። አምቦሴሊ ለዝሆን ከሆነ ሂዱ፣ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ በደንብ ይታያል። ለተራራው ብቻ ከሆነ ግን ዕድል ነው። 5,895 ሜትር ነው ቢሉም ረፋድ ላይ ደመና ይበላዋል። ጎህ ሲቀድ ካልወጣችሁ እግሩን ብቻ ታያላችሁ። ቀን ካጠራችሁ እሱን ጣሉትና ማራ ወንዝ ዳር አንድ ከሰዓት ጨምሩ። ወንዙ ዳር ትዕግሥት ይፈልጋል። እኛ አራት ሰዓት ቆመናል። መንጋው ይመጣል፣ ውሃውን ያሸታል፣ አንዱ ይደነብራል፣ ሁሉም ይመለሳል። ልክ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ሰው ዋጋ ጠይቆ እንደሚሄደው። በመጨረሻ አንድ ሞኝ ዘለለ፣ ከዚያ ማንም አልቀረ።

ዶላር ባንክ ፓስፖርትና ትኬት ይዛችሁ ጠይቁ፣ ትኬቱን ስለዚህ ቀድማችሁ ቁረጡ። ሲሰጧችሁ ያረጀ ወይም የተቀደደ ኖት አትቀበሉ፣ አሩሻ ላይ ይመልሱባችኋል። ናይሮቢ ኢስሊ ካደራችሁ እንጀራም ሐላል ሥጋም እንደልብ ነው፣ በሶውን ለታንዛኒያ አቆዩት።

ባለ ዶልፊኑ ጓደኛችሁስ ተስማማ?

የጦሳ ሥር፦

አኩርፏል። መኪናውን ከተዋችሁ ፊት ወንበር ላይ ከሹፌሩ ጎን የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ እስከ መጨረሻው ቀን፣ ብሎ አስፈርሞናል።

ቦርከና ማዶ፦

ፈርሙለት። ጣሪያው የሚከፈተው ከኋላ ነው።