የልጄ የልብ ቀዳዳ በብሽሽት በኩል ይዘጋ ወይስ በቀዶ ጥገና?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። የ9 ዓመት ልጄ በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለባት። የኢኮው (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት 14 ሚሊ ሜትር ይላል፤ የቀኙ ልብም ሰፍቷል። ስታዩዋት የታመመች አትመስልም። ገመድ ስትዘል ብቻ ከጓደኞቿ ቀድማ ቁጭ ትላለች።

አንዱ ሐኪም ደረት መክፈት አያስፈልግም አሉኝ። በብሽሽት የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል። በቱቦው የሚላከው የሽቦ መረብ እዚያው እንደ ሁለት ሳህን ተዘርግቶ ቀዳዳውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ይይዛል። ከዚያ ለወራት አስፕሪን፤ መረቡን ቀስ እያለ ሥጋ ይለብሰዋል። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ሌላዋ ሐኪም መረቡ የሚይዘው የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ አጭር ነው፣ ሊያመልጥ ይችላል፣ ቀዶ ጥገና ይሻላል አሉ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ፤ ችግሬም እሱ ነው።

ጠርዙን በደንብ የሚያሳየው በጉሮሮ የሚገባው ኢኮ ነው አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለልጅ የት ይሠራል? ጠርዙ አጭር ነው ተብሎ በኋላ ያለ ቀዶ ጥገና የተዘጋለት ልጅ ያለው አለ? እስራኤል ሆሎን ያለው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የሚባል ድርጅት ልብ የታመሙ የኢትዮጵያ ልጆችን ያክማል፤ በእነሱ በኩል የሄደ ካለ ሂደቱን ይንገረኝ።

ደግሞ መረቡ ኒኬል የሚባል ብረት አለበት፤ አለርጂ ቢሆንባትስ ብዬ ፈራሁ። ልጄን አርቲፊሻል ጉትቻ ጆሮዋን ያቆስላታል። ይሄ ለሐኪም የሚነገር ነው ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

ጸበል ውሰጃት ለምትሉኝ፣ እየወሰድኳት ነው። አሁን የቸገረኝ የትኛውን ወረቀት እንደምፈርም ነው።