ቅጽል ሲደራረብ በእንግሊዝኛ የትኛው ይቀድማል?

ቦርሳ ሠሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቆዳ ቦርሳና የጥጥ ነጠላ እየሠራሁ ውጭ አገር ላሉ ገዢዎች በኦንላይን እሸጣለሁ። የዕቃውን መግለጫ ስጽፍ ቅጽሎቹ ይምታቱብኛል። «ሌዘር ብራውን ቢግ ባግ» ልበል ወይስ «ቢግ ብራውን ሌዘር ባግ»? ሕግ አለው ወይስ በጆሮ ነው? ኮማስ የት ይገባል?

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦
ሁለተኛው ነው ትክክል፣ እህቴ። የተለመደው አደራደር እንዲህ ነው፦ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ የመጣበት አገር፣ የተሠራበት ነገር፣ በመጨረሻ አገልግሎት። ቁጥር ካለ ሁሉንም ይቀድማል፦ «ቱ ስሞል ብላክ ባግስ»።

ዝርዝሩን መሸምደድ ከከበደሽ ይህን ያዢ፦ ከዕቃው የማይነጠለው ባሕርይ ለስሙ ይቀርባል። ቦርሳው ቆዳ መሆኑ አያከራክርም። «ናይስ» ግን ያንቺ አስተያየት ነው፤ ሌላው ላይስማማ ይችላል። ስለዚህ ራቅ ብሎ ይቆማል። «ሾልደር ባግ» (የትከሻ ቦርሳ) ካልሽ ደግሞ «ሾልደር» ከ«ባግ» ጋር እንደ አንድ ቃል ነው፤ ቆዳው እንኳን በመሃል አይገባም፦ «ሌዘር ሾልደር ባግ»።

የሚያሳስተን አማርኛው ነው። እኛ «የቆዳ ትልቅ ቦርሳ» ብንል ማንም ዞር ብሎ አያየንም።

አራሚው፦
ስለ ኮማው ልጨምር። በሁለቱ ቅጽሎች መሃል «ኤንድ» አስገብተሽ ሞክሪው። ካላስጠላ ኮማ ይገባል፦ «ኤ ሶፍት፣ ኮምፈርተብል ስካርፍ»። «ቢግ ኤንድ ሌዘር ባግ» ግን ማን ይላል? እዚያ ኮማ የለም። ሁለት ቀለም ከሆነ በ«ኤንድ» ይያያዛል፦ «ብላክ ኤንድ ዋይት»።

የሜሪላንዱ፦
እዚህ አሜሪካ ሰው ሦስት ቅጽል ከሰማ ይበቃዋል። ስድስት ከደረደርሽ የፈተና መልስ ይመስላል እንጂ ዕቃ አይሸጥም። የተረፈውን ከስሙ በኋላ አድርጊው፦ «ኤ ሶፍት ዋይት ኮተን ስካርፍ፣ ሃንድዎቨን ኢን ኢትዮፒያ» (በኢትዮጵያ በእጅ የተሸመነ)።

ተጠራጣሪው፦
ጥሩ፣ ታዲያ በእንግሊዝኛ የልጆች ተረት ያለው «ቢግ ባድ ዎልፍ» (ትልቁ ክፉ ተኩላ) ምን ሆነ? «ባድ» አስተያየት አይደለም እንዴ? መቅደም ነበረበት!

የእንግሊዝኛ አስተማሪ፦
ጎሽ! ብዙዎች የሚያስረዱት በድምፅ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ባለ ጥንድ ውስጥ የ«ኢ»ን ድምፅ ማስቀደም ይወዳል፦ «ዚግዛግ»፣ «ፒንግ ፖንግ»፣ «ቲክ ቶክ»። «ቢግ ባድ»ም በዚያው ተለምዶ ቀረ። አንቺ ግን ለቦርሳሽ «ናይስ ቢግ ባግ» በይ።

ቦርሳ ሠሪዋ፦
ተባረኩ። «ሃንድሜድ» (በእጅ የተሠራ) የሚለውስ የት ይግባ? እሱን መተው አልችልም፣ ዋጋው የተሰቀለው በእሱ ነው።

አራሚው፦
ከቀለሙ በፊትም በኋላም ይባላል። አገሩንና ቆዳውን ግን ይቅደም፦ «ስሞል ሃንድሜድ ብራውን ሌዘር ባግ»። ነጠላው ላይ «ሃንድዎቨን»ን በዚሁ መንገድ አስገቢው።